የመብራቱ ዳፋ

«እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይጎዳዋል?»

ይህ ቃል የመጣው ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ነው። ልጅቷ እጇ ሳሙና ውስጥ ስለነበር ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ እዚያ አስቀምጣው ሳህን ታጥባለች፤ እናቷ ገና የተኛች መስሏታል። እናት ግን ከነቃች ቆይታለች። አሮጊት ጠዋት ጠዋት አልጋ ላይ የምትቆየው እንቅልፍ ኖሯት አይደለም፣ የቤቱ ሰው የልቡን እንዲናገር ብላ ነው። በጠባቡ ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፋ በባዶ እግሯ ቆማ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ድምፁንም አወቀችው። ያ የወንድ ልጇ አለቃ የነበረ፣ አሁን ደግሞ የልጅቷ አለቃ የሆነ፣ ሰው ሁሉ «ኃላፊው» የሚለው ሰውዬ ነው፤ ልጇ የሞተ ሰሞን እዚሁ ሳሎን ውስጥ ጉልበቷን አቅፎ እንደ ሕፃን የተንሰቀሰቀው ሰውዬ።

«ቢሆንም ጋሼ፣ እማዬ ገና አልሰማችም» አለች ልጅቷ።

«ቀስ ብለሽ ንገሪያት። እኛም ዛሬ በስብሰባው ላይ ‹ቴሌስኮፑ ላይ የነበረው ተመልካች ስህተት ነው› ብለን እናልፈዋለን። ስሙን የሚያነሳ የለም።»

«ተመልካቹ እሱ ብቻ ነበራ።»

ስልኩ ውስጥ ጉሮሮ ተጠረገ። ቧንቧው ሳህኑ ላይ ይፈሳል፤ ልጅቷም አልዘጋችው፣ ሳህኑንም አላነሳችው። እናት መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ልጅቷ በእርጥብ እጇ ስልኩን ጠረቀመችው።

«ማነው የማይጎዳው?» አለች እናት።

«ተነሳሽ እንዴ እማዬ? ሻይ ልጣድልሽ።»

«ሻይሽን እዚያው። ማነው የማይጎዳው?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ሳህኖቹ መለሰች። በዚህ ቤት ዝምታም እንደ ዕቃ ቦታ ተሰጥቶታል። ልጁ ከሞተ አስር ወር ሆነው፤ በእነዚህ ወራት እናትና ልጅ ቲማቲም ከሥጋ እኩል መወደዱን ያወራሉ፣ በሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይነታረካሉ፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች ወንበር በጎተቱ ቁጥር አብረው ይራገማሉ። እሱን ግን አያነሱትም። የመጨረሻ ቀኑን፣ መኪናውን፣ ጉሙን፣ ከተራራው የሚወርደውን መንገድ አንዳቸውም ጠርተውት አያውቁም። እሱ በዚያ ቤት የሚነሳው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በጋላክሲው በኩል።

ጋላክሲው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ በመስታወት ተሰቅሏል። ላላወቀው ሰው ምኑም አያምርም። ድፍን ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ መሃል ግራጫ መስመር የመሰለ ነገር አግድም ያልፋል፣ መስመሩ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። በቃ። ኃላፊው ነው አምጥቶ የሰቀለው፤ «እማማ፣ ይቺ የልጅዎ ናት። ሰው እስከዛሬ ካያቸው ሁሉ የራቀች ናት። ስሟንም በሱ ቅጽል ስም ‹ቆይ› ብለናታል» ብሎ። ልጁን በሥራ ቦታው ቆይ ይሉት ነበር። አንዱ «አገኘሁ!» ብሎ ከወንበሩ በተነሳ ቁጥር «ቆይ» ስለሚል፤ ደግሞ ሳያይ፣ ገልብጦ ሳያይ፣ እንዲያው አቃቂር ሳያወጣ ደስታ የሚባል ነገር ስለማያውቅ። እናት የምትፈርመው በጣቷ ነው፤ ግን ያቺን ነጥብ ለእንግዳ ስታስረዳ አንድ ቃል አትስትም። «ብርሃኗ መንገድ ሲጀምር ይቺ ምድር አልተፈጠረችም። ከርቀቱ የተነሳ ብርሃኑ በመንገድ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ከቀይም አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ዓይን አያየውም። የልጄ በርሜል ግን ያየዋል» ትላለች። በርሜል የምትለው ስፔክትሮግራፉን ነው። ትልቁ ቴሌስኮፕ ሥር የሚገጠም፣ ብርሃንን ፈልፍሎ በየቀለሙ የሚዘረጋ፣ ልጇ ዕድሜውን የጨረሰበት መሣሪያ። ጎረቤቱ ሁሉ ይሄን ሰምቶ ሰምቶ ስም አወጣላት፤ ባለርስቷ። ሰማይ ላይ መሬት አላት ለማለት ነው። ሲያሾፉባት ነበር የጀመሩት። እሷ ግን ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበለችውና ሹፈታቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

እናት ሁለተኛ አልጠየቀችም። ገብታ ጥቁሩን ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላ ጫማዋን ትታ ደህናውን ጫማ አደረገች፣ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ካንቺ ጋር። ሥራ አልገባም ካልሽ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አፍ አለኝ፣ እየጠየቅሁ እደርሳለሁ።»

ደረጃው ላይ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ አንገቷ ላይ ሜትር እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። «ባለርስቷ! በጠዋቱ ወዴት ነው? ርስት ጉብኝት ነው?»

«ግብር ልከፍል ነው» አለች እናት፣ ሳትቆም። ሴትዮዋ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ያገኙት ከኋላ፣ ሞተሩ ከሚያሞቀው ወንበር ላይ ነው። ከፊታቸው አንድ ሰውዬ የጎማ ቱቦ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር ቱቦው የእናትን ጉልበት ይነካል፤ እሷም በእያንዳንዱ መነካት አንድ አንድ ስድብ በልቧ ትለቅበታለች። ልጅቷ ብዙ መንገድ በመስኮት ስታይ ሄዳ ሄዳ፣ ፊቷን ሳትመልስ ጀመረችው። ቴሌስኮፑ ያለበት ተራራ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ባለፈው ሳምንት በርሜሉን እዚያው ቦታ መልሰው አነጣጥረው ነበር። ነጥቧ የለችም። ሌላ ቀን ሞከሩ፣ የለችም። ከዚያ እሷ እዚህ ከተማ ባለው ወርክሾፕ፣ በርሜሉ ውስጥ እንዳለው ያለ ብርሃን የሚቀበል ዓይን በተገጠመበት መሞከሪያ ላይ የልጁን የመጨረሻ ሥራ እንደነበረ ደግማ ሠራችው። ነጥቧን አገኘቻት። ያገኘቻት ግን ሰማይ በሌለበት፣ በተዘጋ ጨለማ ውስጥ ነው።

«እንዴት ነው ሰማይ ሳይኖር ኮከብ የሚገኘው?»

«ዳፋ ነው እማዬ።»

ዳፋ የወርክሾፑ ቃል ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ዓይን ኃይለኛ መብራት ካየ፣ መብራቱ ከጠፋም በኋላ ብርሃኑ ከላዩ ቶሎ አይለቅም፤ ለሰዓታት ይዞት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጨለማ ቢያሳዩት እንኳ ያንኑ መብራት እያሰበ ነጥብ ያወጣል። በትልልቆቹ መጻሕፍት ላይ ሌላ ስም አለው። ዳፋ ያለው ልጁ ነው፤ አንዱ ያጠፋው ለሌላው ስለሚተርፍ። ለእናት ግን አዲስ አይደለም። የምታውቀው ቃል ነው፤ ከራሷ አፍ የወጣ ቃል ነው። ልጆቿ ሲያድጉ አንዱ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር «የሱ ዳፋ ለኔ!» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። እዚያ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ይገኛል ብላ አልጠበቀችም።

«ታዲያ መብራቱን ማን አበራው? እሱ ነው?»

ልጅቷ ጥፍሯን መላጥ ጀመረች። «የመጨረሻ ሥራውን የሠራ ዕለት ወደ ማታ ደውሎልኝ ነበር። ‹ከጋሼ ጋር በመብራት ተጣላን› አለኝ። ሌላ አላለኝም። ሲናደድ ታውቂው የለ፣ ቶሎ ዘጋው።»

«የዚያን ዕለት ደውሎልሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ደውሎልሽ ነበር፤ አስር ወር ሙሉ ደበቅሽኝ።»

ሰውዬው ከነቱቦው ወረደ። እናት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየችው፤ ምን እንደምታደርግበት ግራ የገባት እጅ ነው። ለሷ አልደወለላትም። የመጨረሻውን ድምፁን የያዘችው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው፤ እሷም «ካልሲዬን የት አደረግሽው?» የምትል ናት። እናት ልጇን ቀብራ ካልሲ ይዛ ትቀራለች።

ወርክሾፑ ከውጭ ሲያዩት የዱቄት መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ የላስቲክ ጫማ ይደረጋል፣ ፀጉር በቆብ ይሸፈናል፣ ነጭ ካፖርት ይለበሳል፤ አንዲት ብናኝ እንዳትገባ ነው። እናትን ያለበሳት ናይትሮጅን የሚሞላው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያንን የሚያጨስ ቅዝቃዜ ሲቀዳ ስለሚውል በረዶ ይሉታል። ቆቡን ሊያደርግላት ይዞ ፊቷ ላይ አፈጠጠ።

«ምነው፣ አሮጊት አይተህ አታውቅም?» አለችው።

«የሱን ፊት ይዘው መጡብኝ፣ እማማ» አለ በረዶ። «ቁርጥ እሱን ነዎት።»

«እሱ ነው እኔን። እኔ ነኝ ቀድሜ የተወለድኩት።»

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ነው ያንን ነገር የሰማችው። ከውስጥ፣ ከማሽኖቹ መሃል፣ አንድ የወንድ ድምፅ «ቆይ!» አለ። ረጋ ብሎ፣ መጨረሻዋን ትንሽ ጎተት አድርጎ፣ ልክ እሱ እንደሚላት። እናት ወደ ድምፁ ተንደረደረች። በረዶ በብብቷ ሥር ገብቶ ያዛት። ወዲያው ሌላ ሰው ደግሞ፣ የሴት ድምፅ፣ ከሌላው ጥግ «ቆይ እስቲ» አለ፤ ያው ዜማ። የልጇ ቃል ነው። አዳራሹን ሙሉ ተላልፎባቸዋል፤ ካንዱ አፍ ወዳንዱ አፍ ሲዘል ይውላል፤ ከማን እንደያዙትም ማሰብ ትተዋል። እሷ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የሚውለው ልጅ፣ እዚህ በሰው ሁሉ አፍ ይናገራል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም፤ የሰው ቤት ገብታ የልጇን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት እንዳየች ሆነባት።

በአዳራሹ መሃል አዲሱ በርሜል ቆሟል፤ ከድሮው የሚበልጥ፣ ቁመቱ የሰው እጥፍ፣ ሆዱ ክፍት፣ በቧንቧና በሽቦ የተተበተበ። የሞቀ ነገር ሁሉ ከቀይ ወዲያ ባለው ብርሃን ያበራል፤ ሰውም፣ ግድግዳም፣ ማንቆርቆሪያም። በርሜሉ ራሱ ከሞቀ የራሱን ሙቀት እያየ ከሰማይ የመጣውን ያጣዋል። ለዚህ ነው አየሩን መጥጠው፣ ቆፈን አስይዘው የሚያኖሩት። ጥግ ላይ ሙቀት በየት እንደሚሾልክ የምታሳይ ካሜራ ቆማለች፤ ስክሪኗ ላይ ሰዎቹ ፊት የሌላቸው፣ ነጫጭ፣ እንደ ጭስ የሚሄዱ ጥላዎች ናቸው። እናት ቆማ አየች። ከጥላዎቹ አንዱ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ እግሩን ትንሽ እየጎተተ ከጥግ ወደ ጥግ አለፈ። እሱ ነው። ስሙ ከጉሮሮዋ አፋፍ ደረሰ። ከዚያ ጥላው ዘወር አለና ወደሷ መጣ፤ ከስክሪኑ ቀና ስትል ልጅቷ ናት። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ልጅቷ በወንድሟ አረማመድ እንደምትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

«አሳዪኝ» አለቻት። «ያንን ዳፋ አሳዪኝ።»

መሞከሪያው በጥቁር መጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷ አንድ ቁልፍ ነካች። መብራቱ አይታይም፣ ውስጥ ነው የሚበራው፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ መስመሮች ነጭ ሆነው ቦግ አሉ። ጥቂት አቆየችው። አጠፋችው። «አሁን ዓይኑ ፊት ምንም የለም፣ ብረት ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ በጥቁሩ መሃል ግራጫ መስመር ወጣ፣ መስመሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጥብ ነበረች።

እናት ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑን ሳትነካ ቆመች። ሳሎኗ ያለችው ናት። በዚያችው ቦታ፣ በዚያው መጠን፤ ለጎረቤት ያስጎበኘቻት፣ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ያለቻት። ልጅቷ እንደገና ቁልፍ ነካች፤ ሌላ ሥዕል መጣ። ነጥቧ አለች፣ ግን ከስታለች። ሦስተኛው መጣ። ከዚያ ሌላ። በየሥዕሉ ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። ከመጋረጃው ወዲያ የፓምፑ ድምፅ ብቻ እንደሚያቃስት ሰው ይሰማል። እናት ልጇ ሲሞት አጠገቡ አልነበረችም። አስከሬኑ ታሽጎ ነው የመጣላት፤ እንዳታይ መከሯት፣ አላየችም። አሁን ወንበር ሳባ ተቀመጠችና፣ እጆቿን አጣምራ፣ ነጥቧ ሙልጭ ብላ እስክትጠፋ ድረስ አየች። ልጅቷ መሃል ላይ «ይበቃል እማዬ» ብላ ልታጠፋው ነበር፤ «ተይው» አለቻት። ጨለማው ድፍን ብሎ ከቆመ በኋላም ጥቂት ተቀመጠች።

«ስብሰባችሁ የት ነው?» አለች ስትነሳ።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይመሳሰሉ ወንበሮችና ግማሹ የተጠጣ የውኃ ጠርሙስ ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የተራራው ሰዎች አሉ፤ መሃል የተቀመጠችው አለቃቸው በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ጃኬት የለበሰች ሴት ናት። ኃላፊው እናትን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ሸምግሏል። በአስር ወር ውስጥ ሰው እንዲህ ይሸመግላል ብላ አላሰበችም።

«እማማ! ምን አደከመዎት? እኛ እንመጣ አልነበረም እንዴ?»

«እናንተ ስትመጡ አልቅሳችሁ ነው የምትሄዱት። ሳታለቅሱ ምን እንደምትሉ ልስማ ብዬ ነው። ቀጥል አንተ፣ ሥራህን ሥራ።»

ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠች። በረዶ ከጎኗ ሆነ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለተራራዋ ሴት የሚሞከረው ሁሉ እንደተሞከረ፣ ነጥቧ ጋላክሲ እንዳልሆነች፣ ዛሬውኑ ለዓለም እንደሚያሳውቁ በለሰለሰ ቃል ተናገረ። «ምክንያቱን በተመለከተ» አለና ቆመ። «ምክንያቱ በዕለቱ የነበረው ተመልካች…»

«ስም የለውም?» አለች እናት።

ኃላፊው ከፊቱ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ያዘ።

«ስም የለውም ወይ ነው የምልህ። ስታሞግሱት ስሙን ሰማይ ላይ ሰቀላችሁት፣ ሲበላሽ ተመልካች ሆነ? ለመሆኑ ነጥቧን አይቶ ‹አገኘሁ› ያለው ማነው? ልጄ ነው? ቆይ ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። በቁሙ ያልቸኮለው ልጅ ሞቶ ቸኮለ በሉኛ!»

ኃላፊው ጠረጴዛውን አየ። የመለሰላት በረዶ ነው፤ ድምፁ ቀጥኖ ከዚያ ትልቅ ሆድ የወጣ አይመስልም ነበር። «እሱ አላለም እማማ። እሱ ነጥቧን አላያትም። በተቀበረ በሳምንቱ ሥራውን ስንከፍት እኛ ነን ያየናት። እያለቀስን ነበር። አንዳችን ‹ይቺ ምንድን ናት?› አለ። ከዚያ… ሁላችንም ከሱ የመጣች መሰለን።»

«እኔም ነበርኩ» አለች ልጅቷ። «ዳፋን መለየት ሥራዬ ነው። ሌላ ሰው ያመጣው ሥዕል ቢሆን ገና ሳየው እጥለው ነበር። የሱ ስለሆነ…» አልጨረሰችውም።

እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ዳፋን የማያውቁ አልነበሩም፤ ሲበሉት ሲጠጡት የሚውሉት ነገር ነው። ብርሃን የሚያታልልበትን መንገድ ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ግን አላወቁም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚያይ። ያንን የሚነግራቸው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞቷል። የተራራዋ ሴት ጃኬቷን አወለቀች፣ ቆይታ ደግሞ መልሳ ለበሰችው።

«እሺ» አለች እናት። «ይሄን ለቅሷችሁ አድርጌ ይቅር ብያለሁ። መብራቱንስ? መብራቱን ያበራው ማነው?»

ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ሥር ሰድዳ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ይቅርብሽ ለማለት ይሁን አይዞሽ ለማለት አልታወቀም። እናት እጇን አላስለቀቀችም። ከኃላፊው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። እሱ ጠርሙሱን አነሳ፣ አልጠጣም፣ መልሶ አስቀመጠው፤ ክዳኑን ሊገጥም ሞከረና እምቢ አለው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ጮክ በል፣ ተራራውም ይስማ።»

«እኔ ነኝ ያበራሁት።» አሁን የሚናገረው ለሷ ብቻ ነው። «እንግዶች መጡብኝ። ትልልቅ ሰዎች። ቀለሙ ሲዘረጋ ላሳያቸው ብዬ በርሜሉ ውስጥ ያለውን መብራት አበራሁት፤ እነሱ እያወሩ፣ ፎቶ እየተነሱ፣ ብዙ ቆየ። እሱ እንዳላበራው ነግሮኝ ነበር። ሲያይ ተቆጣ። የዛሬው ሥራ ይቅር፣ ዓይኑ ዳፋ ይዟል አለኝ። ቴሌስኮፑ ላይ ተራችን የዚያን ዕለት ብቻ ነበር፤ አይቀርም፣ ጀምር አልኩት። ጀመረ። በማግስቱ ሳንነጋገር መኪናው ውስጥ ገባ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የመጨረሻችን ጠብ ነው እማማ። ከዚያ ወዲህ መብራቱን ባነሳሁ ቁጥር ያ ጠብ ይመጣብኛል። ለዚህ ነው እንጂ ስሙን ለማጥፋት አልነበረም።»

«እኔ ግን ሰምቼሃለሁ። ምን ይጎዳዋል ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ልጅቷ ቀሚሱን ለቀቀች።

ከስክሪኑ ላይ የተራራዋ ሴት ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «ታዲያ እንዴት ብለን እናውጣው?»

«እንደሆነው» አለ ኃላፊው። «ተመልካቹ አስጠንቅቋል፤ መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ ነጥቧንም ጋላክሲ ያልናት እሱ ከሞተ በኋላ እኛ ነን በሉ። ከነስሙ ጻፉት። ከነስሜም።»

እናት የመጣችበትን አገኘች። ልትነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ባለርስት የምትባልበት ነገር ግን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በዓይኗ ሥር ጠፍቷል፤ ነገ ልብስ ሰፊዋ ትጠይቃታለች፣ ምን እንደምትላት አታውቅም። የልጇ የሆነ አዲስ ነገር ከእንግዲህ ከየትም አይመጣም። ግማሽ ተነስታ ሳለ አንድ ነገር ያዛት፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ተቆጣ አልከኝ።»

«አዎ።»

«ምን ብሎ?»

ኃላፊው አልገባውም። «መብራቱን አጥፉ፣ ዳፋ…»

«እሱን ነገርከኝ። ምን ብሎ ነው የተቆጣህ? ቃሉን ነው የምልህ። የአፉን ቃል።»

ሰውዬው ወደ ልጅቷ አየ፣ ወደ በረዶ አየ፤ የሚያወጣው አልነበረም። «‹ጠዋት ነግሬዎት ረሱት› አለኝ። ‹ይሄ ዓይን ግን እንደ እርስዎ አይደለም፤ ያየውን ቶሎ አይረሳም።›»

እናት ሳቀች። ሳቋ እሷንም አስደነገጣት፤ አስር ወር ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ዓይነት ነው። ልጅቷም አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጮሆ ነው?»

«ኧረ የለም። ዝቅ አድርጎ።»

«ዝቅ ነው የሚያደርገው ሲናደድ፤ የአባቱ ነው። ዝቅ አድርገህ በለው እስቲ።»

ኃላፊው ዝቅ አድርጎ ደገመው። ተራራው ላይ ያሉት ሁሉ ከወንበራቸው ወደፊት ተጠግተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጣሉ።

«ጋሼ አላለህም?» አለች እናት። «ሳይልህማ አይቀርም። ባለጌ አድርጌ አላሳደግሁትም።»

«ብሎኛል» አለ ኃላፊው፤ እንባው እየወረደ ነበር፣ አልጠረገውም። «መጨረሻው ላይ፣ ጋሼ ብሎኛል።»

«እንግዲያው አትቁረጥብኝ። ከነጋሼው ድገመው።»